የኔክሮን አዲሱ ኮዴክስ፦ አንብቤ ስጨርስ የተሰማኝ

ኢሞቴክ_ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገን። አዲሱ የኔክሮን ኮዴክስ እጄ ገብቷል፤ ማለትም ዋርሃመር 40,000 በሚባለው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ፣ ኔክሮን የሚባለው የብረት ሠራዊት የደንብና የታሪክ መጽሐፍ። ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤዋለሁ። ከጓደኞቼ ጋርም ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ሞክረነዋል። ስሜቱ ገና ትኩስ ስለሆነ እንዳለ ልጻፈው፣ እናንተ ተከራከሩኝ።

በአጭሩ ወድጄዋለሁ፣ በጣም። ግን አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ለአዲስ ሰው ትንሽ መንደርደሪያ። የዋርሃመር 40,000 አሥረኛ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነው። ያኔ ለሁሉም ሠራዊት ኢንዴክስ የሚባል ጊዜያዊ ደንብ በነጻ ተለቀቀ። የኔክሮን ኢንዴክስ አንድ ዲታችመንት ብቻ ነበረው። ዲታችመንት ማለት ሠራዊትህ በምን ስልት እንደሚዋጋ የምትመርጥበት ነው። አንድ ዋና ደንብ፣ 6 ስትራታጀም (በጨዋታው ውስጥ በሚሰጥ ውስን የኮማንድ ነጥብ የሚገዙ ስልቶች) እና ለመሪዎች የሚሰጡ 4 ማሻሻያዎች ይዞ ይመጣል። ኮዴክሱ አሁን ምርጫውን 5 አድርጎታል፦ አዌከንድ ዳይናስቲ፣ አናይሂሌሽን ሊጅን፣ ካኖፕቴክ ኮርት፣ ኦቤይሳንስ ፋላንክስ እና ሃይፐርክሪፕት ሊጅን።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ደንቡና ታሪኩ እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው። የኔክሮንን ታሪክ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ኔክሮንቲር የሚባሉ ዕድሜያቸው አጭር፣ በሽታ ያደቀቃቸው ሕዝቦች ነበሩ። ክታን ከሚባሉ የከዋክብት አማልክት ጋር ተዋዋሉና ሥጋቸውን በብረት ለወጡ። ነፍሳቸውን አማልክቱ በሉት። መኳንንቱ ማንነታቸው ቀረላቸው። ተራው ሕዝብ ግን ማሰብ የማይችል ብረት ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ዋሪየር ብለን የምንደረድራቸው እነዚያ ናቸው።

አሁን የአዌከንድ ዳይናስቲን ዋና ደንብ ተመልከቱ። አንድን ጓድ መሪ ካልመራው ምንም አያገኝም። መሪ ከገባበት የጓዱ አባላት ሲያጠቁ ለመምታት በሚጥሉት ዳይስ ላይ 1 ይጨመራል። ዋሪየር ብቻውን የሚመታው በ4 እና ከዚያ በላይ ነው። ጌታው አጠገቡ ሲቆም በ3 ይመታል። 20 ዋሪየሮች በቅርብ ርቀት 40 ጥይት ይተኩሳሉ። ያለ መሪ 20 ያህሉ ይመታል፣ ከመሪ ጋር ወደ 27። ቁጥሩ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። አእምሮ የሌለው ወታደር የሚዋጋው በጌታው አእምሮ ነው። ደንብ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልቡን ሰጥቶ ነው የሠራው።

ካኖፕቴክ ኮርት የክሪፕቴኮች (የኔክሮን ሊቃውንት) እና የሸረሪት መሰል ማሽኖቻቸው ነው። የሜዳውን መሀል በተቆጣጠርክ ቁጥር የኃይል መረብህ ይሰፋል፣ በመረቡ የሚዋጉትም ያልመታላቸውን ዳይስ ደግመው ይጥላሉ። ስለዚህ ወደፊት መሄድ አለብህ። ቁጭ ብሎ መተኮስ አያዋጣም። ኦቤይሳንስ ፋላንክስ የላይችጋርድ (የመኳንንቱ ጠባቂዎች) እና የትራያርክ ጦር ነው፣ መኳንንቱ አንድ ጠላት ይመርጡና በእሱ ላይ ይበረታሉ። አናይሂሌሽን ሊጅን ያበዱት ዲስትሮየሮች ናቸው፣ ቻርጅ ሲያደርጉ (ጠላት ላይ ሮጠው ሲገቡ) ዳይሱን ደግመው መጣል ይችላሉ። ይህኛው ለእኔ ከአምስቱ ደካማው ነው። ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ጠላት ጋ ሳትደርስ ታልቃለህ።

ሃይፐርክሪፕት ግን የተለየ ነገር ነው። ጠላት ተራውን ሲጨርስ ጓዶችህን ከሜዳ ታነሳለህ። በሚቀጥለው ተራህ ሌላ ቦታ ታወርዳቸዋለህ። ሞኖሊት የሚያክል ግዙፍ ነገር ከዚህ ጠፍቶ እዚያ ይቆማል።

ያንገበገበኝ ደግሞ ይኸው፦ ዛንድሬክ እና ኦቢሮን የሚባሉት ገጸ ባሕርያት ከኮዴክሱ ወጥተዋል። አንራኪርም አብሯቸው። ሌጀንድስ ወደሚባለው የጡረታ ዝርዝር ነው የገቡት። ደንባቸው በነጻ ይገኛል፣ ግን ለውድድር አይመከርም። ከታሪክ ጋር እንዲህ የተዋደደ መጽሐፍ ጽፎ፣ ታሪኩን በፍቅር የሞሉትን ሰዎች ማውጣት ምን ይባላል?

ሰማያዊ_ጋሻ (ስቶክሆልም)

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ነው የምቆመው፣ ስፔስ ማሪን የሚባለው ሠራዊት ተጫዋች ነኝ። ስለዚህ ሌላውን ወገን ልናገር።

ሃይፐርክሪፕት አሳስቦኛል። በ2,000 ነጥብ ጨዋታ (የሠራዊት መጠን የሚለካው በነጥብ ነው) 5 ዙር ብቻ ነው ያለን። እኔ ሁለት ዙር ሙሉ መድፎቼን አስተካክዬ ዒላማ ላይ ሳቀናጅ፣ ዒላማው ይነሳና ከጀርባዬ ይወርዳል። ያለፈው ሥራዬ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለሚጫወተው ደስ ይላል። ለሚጫወቱበት ግን እንደዚያ አይደለም።

ሁለተኛው ክታን ነው፣ በኔክሮን ጦር ውስጥ የሚሰለፈው የአምላክ ሞዴል። 4 እና ከዚያ በላይ የምትከላከል የማትቀነስ ጋሻ አለችው። በዚያ ላይ የሚደርስበት ጉዳት ሁሉ በግማሽ ይከፈላል። እንግዲህ 6 ጉዳት የምታደርስ ከባድ መሣሪያ ተኮስኩ በል። መታሁ፣ አቆሰልኩ፣ ግማሹን ጊዜ በጋሻው ይመልሰዋል። ያለፈችው ደግሞ 3 ትሆናለች። ከሁለት አንዱን ቢያደርጉለት ይበቃ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት በዝቷል።

መጽሐፉን አልተቃወምኩም፣ ልፋት ይታይበታል። ግን በእኔ እይታ ተቃራኒህ በጨዋታው ውስጥ የሚያስበው ነገር ሊተውለት ይገባል።

ማሂ_ብሩሽ (አዲስ አበባ)

እኔ የምጫወተው ትንሽ ነው፣ የምቀባው ብዙ ነው። ስለዚህ ስለ ሞዴሎቹ ልጻፍ።

አዲሱ የኔክሮኑ መሪ የኢሞቴክ ሞዴል እጅግ ያምራል። የቀድሞው ሬዚን ነበር። በእጅ ሲይዙት የሚሰበር፣ ጎበጥ ጎበጥ የሚል። አሁን ፕላስቲክ ሆኖ መጣ። ኦሪካንም እንደዚሁ። የጊዜ ጠንቋይ መሆኑ ከቁመናው ይነበባል፣ አካሉ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ከኔክሮን የማይጠበቅ ነው። ትራዚን ግን አሁንም አሮጌው ሬዚን ላይ ነው የቀረው። ጋላክሲውን ሙሉ የሚሰበስብ ሰው እሱን የሚመጥን ሞዴል ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝናል።

ለጀማሪ ቀቢ ኔክሮንን የሚያህል ሠራዊት የለም። ሌድቤልቸር የሚባለውን የብረት ቀለም ስፕሬይ ትረጪበታለሽ፣ ናልን ኦይል የሚባለውን ቀጭን ጥቁር ቀለም ታፈሺበታለሽ፣ ሲደርቅ ጠርዙን በብሩህ ብር ትነኪዋለሽ። የመሣሪያው ቱቦ ላይ ቴሰራክት ግሎው የሚባለውን አረንጓዴ ታደርጊያለሽ። አለቀ። ቆዳ የለ፣ ዓይን የለ፣ ጨርቅ የለ።

አዲስ አበባ ላይ ችግራችን ዕቃው ነው። ሳጥኑን የሚሸጥ ሱቅ እኔ አላየሁም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞ ካልመጣ የለም። ስፕሬይ ደግሞ በአውሮፕላን አይጫንም። ስለዚህ እዚህ ያለነው የመኪና ቀለም ሱቅ ሄደን ፕራይመርና ብርማ ስፕሬይ እንገዛለን። ቀጭን አድርጋችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ከረጫችሁ ፕላስቲኩን አይጎዳውም። መጀመሪያ ግን በማይረባ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

የጥንቱ_ዳይስ (ለንደን)

ይህን ሠራዊት ከድሮ ጀምሮ ነው የምጫወተው። የ2002ቱ ኮዴክስ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ያኔ ኔክሮኖች የማይናገሩ፣ የማይታወቁ አስፈሪ ነገሮች ነበሩ። መኳንንቱ፣ ሥርወ መንግሥቱ፣ ጠቡ ሁሉ የመጣው በ2011ዱ ኮዴክስ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ተቆጥቶ ነበር። አሁን ግን ያንን የማይወድ አላገኝም።

ስለ አዲሱ መጽሐፍ የምጣላው በአንድ ነገር ነው፣ በሪአኒሜሽን። የኔክሮን ነፍሱ ይህች ደንብ ናት። ወታደሩ ይወድቃል፣ ከዚያ ይነሳል። በዘጠነኛው እትም ጠላት አንድ ጓድ ተኩሶ እንደጨረሰ ወዲያው ዳይስ ትጥላለህ። 6 ዋሪየር ቢገድልብህ 6 ዳይስ፣ 5 እና 6 የወጣላቸው እዚያው ይነሳሉ። ተቃራኒህ ፊት ላይ የሚታየው ነገር ልዩ ነበር። ገደልኳቸው ሲል ቆመው ያያቸዋል።

አሁን ግን በራስህ ተራ፣ በኮማንድ ፌዝ (በተራው የመጀመሪያ ክፍል) መጨረሻ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ጓድ ከ1 እስከ 3 ህይወት ይመለሳል። በአማካይ 2። ያ ድራማ የለም። የሂሳብ ሠራተኛ ሥራ ሆነ። በዚያ ላይ ጠላት ጓዱን ጨርሶ ካጠፋው የሚነሳ የለም። ስለዚህ ብልህ ተቃራኒ እሳቱን ሁሉ አንድ ጓድ ላይ ያወርዳል። እሱ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ኮዴክሱ ይህንን ያስተካክላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አላስተካከለም።

ኢሞቴክ_ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። ለዋሪየር ያሉት እውነት ነው። በዘጠነኛው ሦስት ጓዶች ቢተኩሱብን ሦስት ጊዜ የመነሳት ዕድል ነበረን። አሁን አንድ ጊዜ ነው።

ስኮርፔክ ዲስትሮየሮችን ግን ያስታውሱ። እያንዳንዳቸው 3 ህይወት ነበራቸው። አንዱ ሲወድቅ 3 ዳይስ ይጣላል፣ ሦስቱም 5 ወይም 6 ካልሆኑ አይነሳም። ዕድሉ ከ27 አንድ ነው። እና ስኮርፔክ ተነስቶ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም ማለት ይቻላል። ደንቡ የኔክሮን ሁሉ ነው ይባላል እንጂ የሚሠራው ለዋሪየር ብቻ ነበር።

በአሥረኛው መጀመሪያ የቆሰለው ይድናል። የቆሰለ ከሌለ የወደቀው በ1 ህይወት ይነሳል። አንድ ስኮርፔክ ወድቆ ሌሎቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ ዳይሱ ምንም ይምጣ ይነሳል። ላይችጋርድም፣ ሬይዝም እንዲሁ። ደንቡ የሁሉም ሆነ።

ያ የሚሉት ድራማም ጨርሶ አልጠፋም። አዌከንድ ዳይናስቲ ውስጥ ፕሮቶኮል ኦፍ ዘ አንዳይንግ ሊጅንስ የሚባለው ስትራታጀም አለ። ጠላት አጥቅቶ እንደጨረሰ ወዲያው ጓድዎ ይነሳል። አንድ የኮማንድ ነጥብ ይከፍላሉ፣ ቦታውን እርስዎ ይመርጣሉ። እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ድሮ ዳይስ ነበር የሚወስነው፣ አሁን አዛዡ ነው።

የጥንቱ_ዳይስ (ለንደን)

ልጄ፣ የስኮርፔኩን ክርክር ተቀብያለሁ። ያ በእርግጥ የዘጠነኛው ጉድለት ነበር።

ስትራታጀሙ ግን ካሣ አይሆነኝም። በአንድ ፌዝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠቀምበት፣ የኮማንድ ነጥቡም ውስን ነው። የሠራዊቱ ነፍስ የሆነ ነገር በክፍያ መሆን የለበትም። እኔ ብጽፈው ኖሮ ትንሽ ቁጥር ሰጥቼ በጠላት ተራም አስነሳው ነበር።

ደንብ_አክባሪ (ቴል አቪቭ)

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ተገዝቶ፣ ጓዶቹ ስንት ነጥብ እንደሚያወጡ የሚወስነው ሌላ ሰነድ ነው። ሙኒቶረም ፊልድ ማንዋል ይባላል፣ በኢንተርኔት በነጻ ይለቀቃል፣ በዓመት ውስጥም ደጋግሞ ይቀየራል። ክታን ዛሬ ቢያስፈራችሁ ነገ ነጥቡ ሊጨምር ይችላል። አናይሂሌሽን ሊጅን ዛሬ ቢደክም ነገ ዲስትሮየሮቹ ሊረክሱ ይችላሉ።

ስለዚህ ስለ ጥንካሬ የምንለው ሁሉ የወራት ዕድሜ ነው ያለው። ስለ ደንቡ ቅርጽ የምንለው ግን እትሙ እስኪያልቅ ይቆያል። እኔ መጽሐፉን የምመዝነው በቅርጹ ነው። በዚያ ሚዛን ጥሩ ነው። አምስቱም ዲታችመንቶች የተለያየ ሰው ይፈልጋሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ የምትገዛው ሞዴል ብቻ አይደለም የሚለየው፣ አስተሳሰብህም ይለያል።

የወረቀቱ መጽሐፍ ያስፈልጋል ወይ ለሚል ሰው፦ ታሪኩንና ሥዕሉን ከወደድክ ግዛው። ለነጥብና ለደንብ እርማት ብቻ ከሆነ የምታየው ስልክህን ነው።

ጋሽ_ሠንጠረዥ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ልጆች እንደምን አላችሁ። እኔ ወደዚህ ጨዋታ የመጣሁት በልጄ በኩል ነው። ከእሱ ጋር እጫወታለሁ፣ አዛዥነቱን እወደዋለሁ።

ስለ ሃይፐርክሪፕት የተባለውን ሳነብ የእኛ ሠንጠረዥ ትዝ አለኝ። በአበሻ ሠንጠረዥ ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው። ሁለቱም ተጫዋች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ በተራ ነው። በወረራ ጊዜ ጥሩ ተጫዋች የራሱን ጦር ብቻ አያይም። የሌላውን እጅ ያያል፣ እሱ ፈረሱን ሲያዞር ይህ ወታደሩን ይመልሳል።

ሃይፐርክሪፕት ወረራውን ጨዋታው መሀል ላይ አምጥቶ ያስገባዋል። ልዩነቱ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ሰማያዊ ጋሻ ቅር ያለው ለዚህ ይመስለኛል፣ ቅሬታውም ትክክል ነው። ግን መልስ አለው። የሚወርድበትን ቦታ አስቀድመህ መያዝ ነው። ባዶ መሬት አትተውለት።

ሰማያዊ_ጋሻ (ስቶክሆልም)

ጋሼ አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ በኋላ ይህንኑ ሞከርኩት፣ ላካፍላችሁ።

ከመጠባበቂያ ወይም በዲፕ ስትራይክ (ጨዋታው መሀል ሜዳው ላይ በድንገት በሚያወርደው ደንብ) የሚወርድ ጓድ በመሠረቱ ከጠላት ከ9 ኢንች በላይ ርቆ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ርካሽ ጓዶችን ከዋናው ጦር ኋላና ጎን ዘርግቼ አቆምኩ። ከሁሉም ከ9 ኢንች በላይ የራቀ ባዶ ቦታ እንዳይኖር ለካሁ። ሞኖሊት የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ እሱን መከልከል ከሁሉም ቀላል ነው።

ወርዶም ቻርጅ ልግባ ቢል ዕድሉ ትንሽ ነው። በሁለት ዳይስ 9 እና ከዚያ በላይ ማምጣት ከ36ቱ በ10ሩ ብቻ ነው የሚሆነው። ከአራት ሙከራ ከአንዱ ትንሽ በለጥ ይላል። ነገር ግን ኮዝሚክ ፕሪሲዥን የሚባለውን ስትራታጀም አትርሱ፣ በዚያ ተራ ቻርጅ ባይገባም ከ9 ኢንች ቀርቦ እንዲወርድ ያደርገዋል። ተቃራኒያችሁ የኮማንድ ነጥብ እንዳለው ሁልጊዜ ቁጠሩ። ነጥቡን ሌላ ቦታ ካጠፋ በኋላ ነው እፎይ የምትሉት።

ክታንን በተመለከተም አንድ ነገር አገኘሁ። ጉዳቱ ሲካፈል ክፍልፋዩ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። 6 ጉዳት 3 ይሆናል፣ ግማሹ ጠፋ። 3 ጉዳት ግን 2 ይሆናል፣ የጠፋው ሲሶው ብቻ ነው። 1 ጉዳት 1 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ትልቅ መድፍ ከመተኮስ ብዙ ጥይት ያላቸውን፣ 3 ጉዳት የሚያደርሱትን መላክ ይሻላል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ተራ ጠመንጃ አይበሳውም፣ መካከለኛው ግን ይሠራል።

አሁንም ከባድ ነው እላለሁ። የማይቻል ግን አይደለም።

ኢሞቴክ_ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይህ ጥሩ ትንታኔ ነው። እኔም ከወዲህ ማዶ ልጨምር። ሃይፐርክሪፕትን የሚጫወት ሰው ጓዶቹን ባነሳ ቁጥር ኦብጀክቲቭ (ለማሸነፍ መያዝ ያለበት ቦታ) ላይ የሚቆም ያጣል። ጨዋታው የሚሸነፈው በመሞት ሳይሆን ቦታ ባለመያዝ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጓድ ዋሪየር ወይም ኢሞርታል ሳይነሳ መሬት ላይ መቅረት አለበት። እነሱን ከመቷቸው የሚበረው ጦር ወርዶ ቦታውን ለመያዝ ይገደዳል። ያኔ ታገኙታላችሁ።

አዲስ_ገቢ (ዱባይ)

ሰላም። ከዚህ በፊት ተጫውቼ አላውቅም። በታሪኩ ነው የተሳብኩት። ምን ልግዛ? የትኛውን ዲታችመንት ልጀምር? ሥራ ስለሚበዛብኝ ቀስ ብዬ ነው የምቀባው።

ማሂ_ብሩሽ (አዲስ አበባ)

እንኳን ደህና መጣህ። አዲስ ሳጥን ከመግዛትህ በፊት ያገለገለ ፈልግ። በ2020 ኢንዶሚተስ የሚባል ትልቅ ሳጥን ወጥቶ ነበር፣ ግማሹ ስፔስ ማሪን፣ ግማሹ ኔክሮን። 20 ዋሪየር፣ ስኮርፔኮች ከነሎርዳቸው፣ ኦቨርሎርድ የሚባለው መሪ፣ ሮያል ዋርደን፣ ፕላዝማንሰር እና ሌሎችም ነበሩበት። ብዙ ሰው የማሪኑን ወስዶ የኔክሮኑን ሸጦታል። ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ሳይቀባ፣ አንዳንዴም ሳይገጣጠም።

በአንዴ ብዙ አትግዛ። አሥር ዋሪየርና አንድ ኦቨርሎርድ ቀብተህ ጨርስ። ከዚያ ቀጥል።

የጥንቱ_ዳይስ (ለንደን)

ማሂ ልክ ናት። በአዌከንድ ዳይናስቲ ጀምር። መሪን ከጓድ ጋር ማስገባት፣ ቦታ መያዝ፣ የኮማንድ ነጥብ መቆጠብ፣ ይህንን ሁሉ ያስተምርሃል። ሃይፐርክሪፕት ለጀማሪ አይሆንም። የ9 ኢንቹን ልክ በዓይንህ ሳትለምድ ጓዶችህን ካነሳህ የምታወርድበት ታጣለህ።

በ2,000 ነጥብ አትጀምርም። ኮዴክሱ ውስጥ ኮምባት ፓትሮል የሚባል ትንሽ ጨዋታም አለ፣ ነጥብ መቁጠር አያስፈልገውም። ከዚያ 1,000 ነጥብ ትሞክራለህ።

ኢንግላንድ የመጣህ ቀን ደግሞ ኖቲንግሃም ሂድ። የጨዋታው ኩባንያ መቀመጫ እዚያ ነው፣ ዋርሃመር ወርልድ የሚባል ኤግዚቢሽንና የመጫወቻ አዳራሽ አለው። የተቀቡ ሠራዊቶች በመስታወት ውስጥ ታያለህ። አንድ ጊዜ ካየህ ብሩሽ አትተውም።

አዲስ_ገቢ (ዱባይ)

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ግን ዛንድሬክ እና ኦቢሮን ማናቸው? ለምንድነው እንዲህ የምታዝኑላቸው?

ደንብ_አክባሪ (ቴል አቪቭ)

ለዚህ ጥያቄ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው።

ኔክሮኖች ስድሳ ሚሊዮን ዓመት ተኝተው ነው የነቁት። ሁሉም በደህና አልነቁም። ዛንድሬክ ታላቅ ጄኔራል ነበር። አሁንም ነው። ግን አእምሮው ያለፈው ዘመን ውስጥ ቀርቷል። አሁንም ሥጋና ደም ያለው ይመስለዋል። የሚዋጋቸውን ጠላቶች ሁሉ የድሮ አማፂ ኔክሮንቲሮች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ያከብራቸዋል፣ ምርኮኛ ይይዛል፣ ግብዣ ያዘጋጅላቸዋል።

ኦቢሮን አጃቢው ነው። እውነቱን ያውቃል። ጌታው እንደታመመ፣ ዓለሙ እንደጠፋ፣ ሁላቸውም ብረት እንደሆኑ ያውቃል። ግን አይነግረውም። ጎኑ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጌታው ያላየውን አደጋ ከኋላ ሆኖ ያስወግዳል።

የኔክሮን ታሪክ ነፍስን ስለማጣት ነው። በዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ ታማኝነት ያልሞተበት ቦታ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ለዚህ ነው የሚወደዱት።

ሰማያዊ_ጋሻ (ስቶክሆልም)

ይህንን ሳነብ ለጠላቴ ሠራዊት አዘንኩ።

የወጡበት ምክንያት ሞዴላቸው ይመስለኛል። የነበራቸው አሮጌ ሬዚን ነው። አዲስ ፕላስቲክ ያላገኘ ሰው በዚህ እትም ከብዙ ኮዴክሶች ወጥቷል። ከእኛም ወገን ያጣናቸው አሉ።

ኢሞቴክ_ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ትራዚን ሬዚን ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ፍላጎት ቢኖር ይቻል ነበር። ደንባቸው ሁለት ገጽ አይሞላም። የሥዕሉን ያህል ቦታ አይወስድም ነበር።

እኔ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ እንዲህ ለማድረግ ወስኛለሁ። ዛንድሬክን በኦቨርሎርድ ደንብ አወጣዋለሁ። ኦቢሮንን ከላይችጋርዶቹ አንዱ አድርጌ አጠገቡ አቆመዋለሁ። ኦቨርሎርድ ላይችጋርድን መምራት ስለሚችል ሁለቱ አንድ ጓድ ውስጥ ይሆናሉ። ዲታችመንቱ ኦቤይሳንስ ፋላንክስ ይሆናል። መኳንንቱ አንድ የተከበረ ጠላት የሚመርጡበት ደንብ ለዛንድሬክ የተጻፈ ነው የሚመስለው። የሌጀንድሱን ደንብ የሚፈቅድ ተቃራኒ ካገኘሁ ደግሞ እሱን እጠቀማለሁ።

የጥንቱ_ዳይስ (ለንደን)

ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። ከጨዋታው በፊት ለተቃራኒህ በግልጽ ንገረው፣ ቤዙ (የሞዴሉ መቆሚያ) ከኦቨርሎርድ ቤዝ ጋር እኩል ይሁን። ሌላ የሚያጣላ ነገር የለውም። የእኔን አሮጌ የብረት ሞዴሎችም በዚሁ አወጣለሁ።

ማሂ_ብሩሽ (አዲስ አበባ)

ዛንድሬክን ስትቀባው ከሌሎቹ ለየው። ብረቱን ነሐስ አድርገው፣ ካባውን ሞቅ ያለ ቀይ። ኦቢሮን ላይ ግን የተለመደው ብር ይሁን። ለዓይኑ አረንጓዴውን ሁለት ጊዜ ደርብ፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ሲደርቅ ይደበዝዛል።

ሰማያዊ_ጋሻ (ስቶክሆልም)

በዓል ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ጋ እመጣለሁ። 1,000 ነጥብ፣ አንተ ዛንድሬክን አምጣ፣ የሌጀንድሱን ደንብ ፈቅጃለሁ። እኔ ካፒቴኔን አመጣለሁ፣ የተከበረው ጠላት እሱ ይሁን። ክታን ግን በዚያ ነጥብ አይግባ፣ 1,000 ላይ መልስ የለኝም።

ኢሞቴክ_ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ተስማምተናል። ክታን አይገባም። ጠረጴዛና የሜዳ ሕንጻዎች እኔ ጋ አሉ፣ አንተ ሞዴሎችህን ብቻ ያዝ። ዝርዝሬን ከመምጣትህ በፊት እልክልሃለሁ፣ የአንተንም ላክልኝ።